አይጥ የበላው መኪና፦ ስለ ኮፈን ስር ጥገና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የተጻፉት በየሰፈሩ የምናያቸውን የቆዩ ቶዮታዎች፣ ከባለ ካርቡራተሩ ኮሮላ ዲኤክስ እስከ መጀመሪያዎቹ ቪትዞች ድረስ፣ በማሰብ ነው፤ አብዛኛው ግን ለሌላውም የቆየ መኪና ይሠራል።

አይጥ መግባቱን በምን አውቃለሁ?

ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የተበላ ሽቦ ሳይሆን ቆሻሻ ነው። ባትሪው ላይ የተበተነ የኮፈን ስፖንጅ፣ የተቀዳደደ ፌስታል፣ ገለባ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የዶሮ አጥንት። ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ጥቁር ዓይነ ምድር የትንሿ የቤት አይጥ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ካለፈ አይጠ መጎጥ ገብቷል ማለት ነው፤ የሱ ጥርስ ደግሞ ወፍራም የጎማ ቱቦም አይመልሰውም።

ኮፈኑን ሳይከፍቱ የሚታዩ ምልክቶችም አሉ። ትናንት ደህና ያደረ ሞተር ዛሬ ይንቀጠቀጣል፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፣ ጥሩንባው ይጠፋል፣ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ያለ ምክንያት ከፍ ይላል፣ ወይም የአየር ማራገቢያውን ሲከፍቱ የሽንት ሽታ ፊትዎን ይመታዎታል። ከእነዚህ ሁለቱ በአንድ ቀን ከተገጣጠሙ ካንዴላ ከመቀየርዎ በፊት የእጅ ባትሪ ይዘው ከሞተሩ ጀርባ ይመልከቱ።

ለምን ሽቦ ይበላል? ይጣፍጠዋል እንዴ?

አይበላውም፤ ይቆረጥመዋል። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ማደጉን ስለማያቆም በአንድ ነገር ላይ መሞረድ አለበት። ማታ የቆመ መኪና ሞተር ለሰዓታት ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ ጠባብ መሸሸጊያም ነው። ሽቦው የተቆረጠበት ቦታ ስር ብዙውን ጊዜ የፕላስቲኩን ፍርፋሪ ያገኙታል፤ የሚበላ ቢሆን ኖሮ ባልተረፈ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ የመኪና ባለቤቶች የሽቦው ልባስ ከአኩሪ አተር በተገኘ ነገር ስለተሠራ አይጥ ይስባል ብለው ቶዮታንና ሆንዳን ፍርድ ቤት አቁመዋል። እኔ ግን ይህ ነገር ለቆየ መኪና ባለቤት ብዙም አይረባም ባይ ነኝ። ተራ ፕላስቲክ የለበሰው የዲኤክስ ሽቦም እኩል ይቆረጠማል። የመኪናው ስሪት ሳይሆን የቆመበት ቦታ ነው የሚወስነው፦ የእህል መጋዘን፣ የዶሮ መኖ፣ ክዳን የሌለው የቆሻሻ ገንዳ፣ ለሳምንታት ሳይነሳ የቆመ ጎረቤት መኪና።

ሽቦ ተበልቶ አየሁ፤ እስከ ጋራዥ እየነዳሁ ልሂድ?

መጀመሪያ ያሽትቱ። የቤንዚን ሽታ ካለ ቁልፉን አያዙሩ። ባትሪውንም ወዲያው ለመፍታት አይቸኩሉ፤ ተርሚናሉ ሲላቀቅ የሚፈነጥቀው ብልጭታ ለቤንዚን ትነት በቂ ነው። መኪናውን ገፍተው ወደ ገላጣ ቦታ ያውጡ፣ ኮፈኑን ከፍተው ያናፍሱ፣ ሽታው ሲጠፋ ኔጋቲቩን ይፍቱ። የተበላ የቤንዚን ቱቦ ይዞ «ቀስ ብዬ እነዳለሁ» ማለት አይሠራም፤ እሳቱ ፍጥነት አይጠብቅም።

ሽታ ከሌለ የፍሬን ፔዳሉን ይርገጡ። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ ድንጋይ ከሆነ ወደ ፍሬን ሰርቮው (ፔዳሉን የሚያቀልለው ክፍል) የሚሄደው ቱቦ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ተጎታች ይጥሩ። የተገላለጠ መዳብ ከመዳብ ወይም ከቦዲው ጋር የሚነካካ ከሆነም እንደዚያው። የጠፋው ጥሩንባ ወይም የመስታወት ማጠቢያው ውኃ ብቻ ከሆነ ግን በቀን ብርሃን እስከ ቅርብ ጋራዥ መድረስ ይቻላል።

ጽዳቱን እንዴት ላድርግ? በኮምፕሬሰር ማስነፋት ይቻላል?

አይቻልም፤ በተለይ ይህን። የደረቀ የአይጥ ሽንትና ዓይነ ምድር ሲቦን በአየር ይተነፈሳል፣ በሽታም ያስተላልፋል። በመጥረጊያም ደረቁን አይጥረጉት። ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ጎጆውን ያርጥቡት፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ከዚያ በጨርቅ ወይም በሶፍት ሰብስበው በፌስታል ቋጥረው ይጣሉ።

በረኪና ብረትንም ይበላል። ስለዚህ ሶኬቶች፣ የአሉሚኒየም ክፍሎችና ባትሪ አካባቢ አይርጩት፤ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉና በንጹህ ውኃ በረጠበ ሌላ ጨርቅ ይድገሙት። የአየር ፊልትሮውን ቤት መክፈት አይርሱ። አይጥ በአየር መሳቢያው አፍ ገብቶ ፊልትሮው ላይ መተኛት ይወዳል፤ የተቀደደ ፊልትሮ ደግሞ የኮረኮንች አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ያስገባል፤ ያ ጉዳት ከማንኛውም ሽቦ ይበልጣል።

ከመጠገኔ በፊት አይጡን ማባረር አለብኝ? በርበሬ፣ ናፍጣ፣ መርዝ?

አዎ፣ በፊት። አይጡ ሳይያዝ የተሠራ ሽቦ የጥርስ መሞከሪያ ነው። አስተማማኙ የተለመደው የሚነክስ ወጥመድ ነው፤ የኦቾሎኒ ቅቤ ወይም ቅባት የነካው ዳቦ አድርገው በጎማዎቹ አጠገብና በግድግዳው ጥግ ያኑሩት። ወጥመዱ ለተከታታይ ሌሊቶች ባዶ ካደረ በኋላ ወደ ጥገናው ይግቡ።

መርዝ አልመክርም። መርዝ የበላ አይጥ ማራገቢያው ቤት ውስጥ ገብቶ ይሞታል፤ ያንን ለማውጣት ዳሽቦርድ ይፈታል። ውጭ የሞተውን ደግሞ የጎረቤት ድመት ይበላዋል። ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ሽቦ ላይ መቀባት ደግሞ ጎማ ያበሰብሳል፣ ለእሳትም ማገዶ ይሆናል። በርበሬና ሚጥሚጣ መነስነስ አይጡን ጥቂት ቀን ቢያሸሸውም ማራገቢያው ሲከፈት ተሳፋሪውን ያስነጥሳል። የበርበሬው ሐሳብ ግን መሠረት አለው፤ ሆንዳ የበርበሬን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር የያዘ የሽቦ መጠቅለያ ቴፕ ይሸጣል፣ ጥሩም ነገር ነው፣ በውጭ ያለ ዘመድ ሲመጣ ማስላክ ይቻላል። ድምፅ እያሰማ አይጥ ያባርራል የሚባለውን መሣሪያ በተመለከተ የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ለአምራቾችና ለሻጮች ማስጠንቀቂያ ጽፎ ነበር፤ ገንዘብዎን ለወጥመድ ያውሉት።

መግቢያውን በስድስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የብረት ወንፊት መዝጋት ይረዳል፤ ከዚያ የሰፋ ቀዳዳ ትንሿን አይጥ ያሳልፋል። የአየር መሳቢያ አፉን ከወንፊት ውጭ በሌላ ነገር አይድፈኑት።

የተበላውን ሁሉ እንዴት አገኘዋለሁ?

የሚታየው ብቻ እንዳልሆነ አስቀድመው ይቀበሉ። አይጥ የሚወደው ቦታ ከላይ የማይታየው ነው፦ ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮች የሚያስገባው ክፍል) ስር፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለው የእሳት ግድግዳ (ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየው ቆርቆሮ)፣ የማርሽ ሳጥኑ አናት፣ ባትሪው የተቀመጠበት ሳህን ስር። ባትሪውን ሳህኑን ጨምሮ ያውጡ። ሽቦው የሚያልፍበትን ቆርቆሮ መሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ሲዳስሱ የተቆረጠ ነገር ከተሰማዎት ይክፈቱት።

ከመንካትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከጎን። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ኔጋቲቩ እንደተፈታ በቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትሹ፤ ሽቦው ያልተቆረጠ መምሰሉ በቂ አይደለም። መብራትና ጥሩንባን በመሞከሪያ አምፖል መፈተሽ ይቻላል፤ ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር የሚሄዱትን ሴንሰሮች ግን በአምፖል አይንኩ፣ አምፖሉ የሚስበው ኃይል ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል አይበቃም?

አይበቃም። የናስትሮው ሙጫ በሞተር ሙቀት ይቀልጣል፣ ጥቅሉ ይፈታል፣ ጠምዛዛው መዳብ በእርጥበት ይጠቁራል። ከዚህ የባሰ አንድ ልማድ አለ፤ ለቤት መብራት የሚሠራውን ባለ አንድ ጅማት ጠንካራ ሽቦ መቀጠያ ማድረግ። መኪና ይንቀጠቀጣል፤ ያ ሽቦ እየታጠፈ እየተቃና ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። የመኪና ሽቦ ብዙ ቀጫጭን ጅማቶች ያሉት መሆን አለበት፣ ውፍረቱም ከድሮው ያላነሰ።

ትክክለኛው አሠራር አሰልቺ እንጂ ከባድ አይደለም። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪያገኙ ድረስ ወደ ኋላ ይቁረጡ። በሙቀት የሚኮማተረውን ቱቦ ከመቀጠልዎ በፊት ሽቦው ላይ ያስገቡ (ረስተውት ከበየዱ በኋላ ሲያስታውሱ ያናድዳል)። ጫፎቹን አጠላልፈው በኤሌክትሮኒክስ ሊድ ይበይዱ፤ አሲድ ያለበት የቧንቧ ሠራተኛ የብየዳ ቅባት አይጠቀሙ፣ መዳቡን ይበላል። ቱቦውን አኮማትረው ከብየዳው ግራና ቀኝ ሽቦውን ከአንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ጋር አስረው ያጽኑት፤ ሊድ የጠጣ ሽቦ ስለሚደርቅ የሚሰበረው ብየዳው ከሚያበቃበት ላይ ነው። ደህና መጭመቂያ ፒንሳ ያለው ባለሙያ ያለ ብየዳ በብረት እጅጌ ጨምቆ ቢቀጥልም እኩል ጥሩ ነው፤ በጥርስና በተራ ፒንሳ የተጨመቀ ግን አይቆጠርም።

ብዙ ሽቦ አንድ ላይ ከተቆረጠ መቀጠያዎቹን በአንድ መስመር አያድርጓቸው፤ አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ ያፈራርቁ። አለበለዚያ ጥቅሉ እዚያ ላይ እንቁላል እንደ ዋጠ እባብ ያብጣል፣ ወደ ቦታውም አይመለስም። አንዱን ቀጥለው ሳይጨርሱ ሌላውን አይቁረጡ።

መቀጠል የሌለበት ሽቦ አለ?

አለ። ቢጫ ሶኬት ያለውን የኤርባግ ሽቦ በምንም ዓይነት አይቀጥሉ፣ በቴስተርም አይለኩት፤ ሊፈነዳ ይችላል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ሽቦ በሊድ አይበየድም፤ ብዙዎቹ ለማነጻጸሪያ የሚፈልጉትን ንጹህ አየር የሚስቡት በሽቦው ጅማቶች መሐል ስለሆነ ሊዱ መንገዱን ይደፍነዋል፤ ይጨመቃል ወይም ሴንሰሩ ይቀየራል። የኖክ ሴንሰር (የሞተሩን መንኳኳት የሚያደምጥ) እና የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር የሚያነብ) ሽቦ ብዙ ጊዜ የብረት መረብ ልባስ አለው፤ ከተቀጠለ መረቡም አብሮ መቀጠል አለበት፣ ያለዚያ የካንዴላው ብልጭታ ጣልቃ እየገባ ሞተሩን ያሳስታል። የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን) ጎማ ሴንሰር ሁለት ሽቦዎች ተጠላልፈው ከመጡ ሲቀጠሉም ይጠላለፉ።

የካንዴላ ገመድ አይቀጠልም፣ ይቀየራል። አራቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፣ ግን አንድ በአንድ እየነቀሉ፤ ዲኤክስን ጨምሮ በብዙዎቹ ባለ አራት ሲሊንደር ቶዮታዎች የማቀጣጠያው ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው፣ ከተዘበራረቀ በኋላ ማስተካከሉ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ቱቦዎችስ?

በናስትሮ የሚጠገን ቱቦ የለም። የቫኪዩም ቱቦ (የሞተሩ የአየር ስበት የሚተላለፍበት ቀጭን ቱቦ) ርካሽ ነው፤ ጫፉ ብቻ ከተበላና ርዝመት ካለው ቆርጦ መልሶ ማስገባት ይቻላል፣ ሚኒሞውም ወዲያው ይወርዳል። የቤንዚን ቱቦ ሲገዙ ግን ካርቡራተር ወይም ኢንጀክሽን መሆኑን ለሻጩ ይንገሩት። ኢንጀክሽን ሞተር ላይ ቤንዚኑ በሁለት ተኩል እስከ ሦስት ባር ግፊት ስለሚሄድ የካርቡራተር ቱቦ ይፈነዳል። ቱቦውን ከመንቀልዎ በፊት የፓምፑን ፊውዝ አውጥተው ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፤ ግፊቱ ይወርዳል።

ሽቦውን ጠግኜ የራዲያተሩ ፋን አንድ ጊዜም አይቆምም። ወይም ጨርሶ አይነሳም። ለምን?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቆዩ ኮሮላዎች ባለቤቶች ነው፣ መልሱም ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። በነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ላይ የራዲያተሩ ሙቀት ማብሪያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፣ ሲሞቅ ይለያያል። ሽቦው ከተቆረጠ ኮምፒውተሩም ሪሌውም (የፋኑን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) «ሞቋል» ብለው ስለሚያስቡ ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ፋኑ ይዞራል። ይህ የሚያናድድ ነው እንጂ አይጎዳም።

አደገኛው ተገላቢጦሹ ነው። የተላጠው ሽቦ ቦዲውን ከነካ ማብሪያው ሁልጊዜ የተገናኘ ይመስላል፣ ፋኑም አይነሳም፤ ሞተሩ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ይፈላል፣ የሲሊንደር ጭንቅላት ጋስኬት ይቃጠላል። ለመለየት ቁልፉን ከፍተው የማብሪያውን ሶኬት ይንቀሉ። ፋኑ ከተነሳ ሽቦው ደህና ነው፤ ካልተነሳ ሽቦው በሆነ ቦታ ቦዲውን ይነካል፣ ወይም ችግሩ ከፊውዙ፣ ከሪሌው ወይም ከፋኑ ሞተር ነው።

ቼክ ኢንጂን መብራቱ አልጠፋም። ማሽን የሌለው ሰው ምን ያድርግ?

ኮፈኑ ስር «ዲያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያለው ትንሽ ሳጥን ካለ ማሽን አያስፈልግም። በክዳኑ ውስጥ ባለው ሥዕል ቲኢ1 (TE1) እና ኢ1 (E1) የተባሉትን ቀዳዳዎች አግኝተው በአንዲት አጭር ሽቦ ያገናኟቸው፤ ሌላ ቀዳዳ እንዳይነኩ ይጠንቀቁ። ቁልፉን ይክፈቱ፣ ሞተሩን አያስነሱ፣ መብራቱን ይቁጠሩ። ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ረፍት፣ ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ 22 ነው፦ የውኃ ሙቀት ሴንሰር። 24 የሚገባው አየር ሙቀት፣ 41 የስሮትል (ጋዝ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር በር) ቦታ ሴንሰር፣ 14 የማቀጣጠያ ምልክት፣ 21 የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ሳይቋረጥ እኩል ብልጭ ብልጭ ካለ ምንም ስህተት አልተመዘገበም።

አይጥ በገባበት መኪና 22 እና 24 ሲወጡ ሴንሰር ለመግዛት አይሩጡ። የሴንሰሩ ሽቦ ሲቆረጥ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ከዜሮ በታች የወረደ ብርድ ስለሆነ ስህተቱን ይመዘግባል፤ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ሽቦውን ጠግነው የባትሪውን ኔጋቲቭ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይፍቱና እንደገና ያንብቡ።

ከመቀጠል ይልቅ ሙሉውን የሽቦ ጥቅል ብለውጠውስ?

ሽቦው ከሶኬቱ አፍ ላይ ተቆርጦ የሚያዝ ጫፍ ካልተረፈ፣ ወይም በብዙ ቦታ ከተበጣጠሰ፣ መለወጡ ያዋጣል። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «ሽጬ ሌላ እገዛለሁ» ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም፤ ያለውን ማዳን ይሻላል።

ያገለገለውን ፍለጋ ብዙ ሰው የሚሄደው መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። የሞተሩን ኮድ፣ ማርሹ ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ፣ መሪው በየት በኩል እንደሆነ ይዘው ይሂዱ፤ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ የራስዎን ሶኬቶች ፎቶ ይዘው፣ ቀለምና የፒን ብዛት ያነጻጽሩ። በመጋዝ የተቆረጠ ጥቅል አይግዙ። ከተገኘው ጥቅል ላይ የሚፈልጓቸውን ሶኬቶች ከረጅም ጅራታቸው ጋር ብቻ መግዛት ብዙ ጊዜ ከሙሉ ልወጣ ይሻላል፤ ሙሉ ልወጣ ዳሽቦርድ ስር ድረስ ስለሚገባ ያልተነካውንም ይነካካል።

ኢንሹራንስ ይከፍለኛል?

የግዴታው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ስለሆነ ለእርስዎ ሽቦ አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን ያለው ሰው ውሉ ውስጥ «ያልተካተቱ» የሚለውን ገጽ ማንበብና ከጽዳቱ በፊት ፎቶ ማንሳት አለበት። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፦ እዚያ የአይጥ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፈነው ኮምፕሪሄንሲቭ በተባለው ክፍል ነው፤ በግጭት ሽፋኑ አይደለም። ከኪስ የሚከፈለው የመጀመሪያ ድርሻ ግን የቆየ መኪና ጥገናን ሙሉ ወጪ ሊያክል ስለሚችል ከማመልከትዎ በፊት ያስሉት።

ከተጠገነ ሳምንታት በኋላ ሞተሩ አልፎ አልፎ ይጠፋል፣ ተመልሶም ይነሳል። ሁሉንም ሽቦ ፈትሻለሁ፤ ምን ቀረኝ?

ሁለት ነገር። የመጀመሪያው ሽንት ነው። የአይጥ ሽንት ጨው ስላለበት መዳብን ያዝጋል፤ ዝገቱም ከተቆረጠበት ተነሥቶ በልባሱ ውስጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቴስተር «ይገናኛል» ይላል፤ ጥቂት ጅማቶች ብቻ ተርፈውም ያው ያነባል። ስለዚህ ሽቦው ሥራ ላይ እያለ ይለኩ፦ መብራቱ ወይም ፓምፑ እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከመቀጠያው በፊት፣ ሌላውን ከመቀጠያው በኋላ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበቡ ያ ክፍል ይቆረጣል፣ መዳቡ እስኪጠራ ድረስ።

ሁለተኛው ሶኬቱ ነው። በጥገናው ጊዜ ሲነቀሉ ሲሰኩ ከነበሩት ሶኬቶች አንዱ ፒን ወደ ኋላ አፈግፍጎ ሊሆን ይችላል፤ ሶኬቱ «ቀጭ» ብሎ ይዘጋል፣ ፒኑ ግን አይነካም። ሞተሩን በሚኒሞ እያሠሩ የሽቦ ጥቅሉን በጓንት እጅ ክፍል በክፍል ቀስ ብለው ያወዛውዙ፤ የካንዴላ ገመዶቹን ግን አይንኩ። ሞተሩ የተንገዳገደበት ቦታ ላይ ያቁሙ፣ ቁልፉን ይዝጉ፣ ያንን ሶኬት ነቅለው እያንዳንዱን ፒን በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ገፋ አድርገው ይሞክሩ፤ የሚንሸራተተው እሱ ነው።